«በጭስ ነው ያደግነው» ማለት ይብቃን!

«እናቶቻችን በጭስ አሳደጉን፤ ምን ሆንን?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ሳላቸው «ብርድ ነው» እየተባለ የቀሩትን እናቶችስ ማን ቆጠራቸው?

ጭሱ ከዓይን ሲጠፋ ጥቀርሻው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አየር ላይ ያለን የጥቀርሻ ብናኝ በኤክስሬይ ሌዘር አንስተው አሳይተዋል፦ እንደ ወይን ዘለላ የተጣበቁ ጥቃቅን ኳሶች ናቸው። በኤክስሬይ ማይክሮስኮፕ የተደረጉ ጥናቶችም ብናኙ ሌሎች ኬሚካሎችን ለብሶ እንደሚጓዝ አሳይተዋል። ይህ ነው ሳንባችሁ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው!

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል።

ለቴሌቪዥን ብር ያገኘ ቤት ለጭስ ማውጫ አጣሁ ቢለኝ አላምንም። ዛሬውኑ መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃን አዝላችሁ እሳት አጠገብ አትቀመጡ።