በጉዱ ካሣ ላይ የተላለፈው ፍርድ

ልብ ወለድን በማስተማርና በመሔስ ተግባር ላይ ከተሰማሩት መካከል፣ አንባቢ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ያለው ስሜት ከጊዜ ወደ ጊዜ መለወጡን እንደ አቋም ማጣት የሚቆጥሩ ወገኖች አሉ። በነርሱ ዘንድ ገጸ ባሕርይ አንድ ጊዜ «ተራማጅ» ወይም «አድኃሪ» ተብሎ ከተፈረጀ ፍርዱ ይግባኝ የለውም፤ የተማሪውም ድርሻ ፍርዱን በቃሉ አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ መመለስ ብቻ ይሆናል። ይህ አስተያየት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሰጣል። መጽሐፉን በለጋ ዕድሜው ያነበበ ሰው ዕንባውን የሚያፈሰው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ነው። ጉዱ ካሣ፣ አገሬው እንደሚለው ሁሉ፣ ለርሱም የሚያስቅ «እብድ» ሆኖ ያልፋል። የ1966ቱ አብዮት ፈንድቶ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ ግን፣ ያው አንባቢ ያንኑ ገጽ ሲገልጥ «እብዱ» ነቢይ ሆኖ ይታየዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የወጣት ደም በየጎዳናው ሲፈስ ካየ ወዲህ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነብ ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ ካሣ ኅብረተሰቡ በጊዜው ካልታደሰ እንደ አሮጌ ሕንጻ እንደሚፈርስ አስጠነቀቀ እንጂ ለፍርስራሹ አላጨበጨበም። የሳቀበት ሰው አሁን ያዝንለታል።

በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። የተለወጠው የአንባቢው ኑሮ ነው። ከሦስቱ ስሜቶች አንዱን ብቻ መርጦ ማኅተም የሚመታ መምህር፣ ደራሲው በሙሉ ሰውነት የቀረጸውን ሰው መፈክር ተሸካሚ ያደርገዋል።

«እንግዲያማ አንባቢ የተሰማው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አይደለም። ስሜት በገጹ ላይ ላለው ቃል ተጠያቂ ነው። ዘመኑ ስለራቀ ብቻ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት የቀድሞ ጨዋነት መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ ገበሬዎቹ ለምን እንዳመፁባቸው ከመጽሐፉ መልስ ማቅረብ ይኖርበታል። መልስ ካጣ፣ የተለወጠው ስሜቱ ትዝታ እንጂ ንባብ አይደለም።

ስለዚህ የመምህሩና የሐያሲው ተግባር ፍርድ ማደል አይደለም። ተማሪው ትናንት የጠላውን ዛሬ ቢወድ፣ «የትኛው ቃል፣ የትኛው ድርጊት አሳብህን አስለወጠህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የተማረ ትውልድ የልብ ወለድ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያሉትንም በአንድ ቃል ፈርጆ ከመኰነን ይታቀባል። በአንድ ቃል መፈረጅ ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ደግሞ ይህች አገር ከማንም የበለጠ ታውቃለች።