ጭሊሞን ከላይም ከሥርም ማየት

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን አዋሽ ከሚነሣባቸው ከፍታዎች አንዱን ሸፍኗል። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው እስከዛሬ የቆዩት በዘበኛ ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ በግብረ ሠናይ ድርጅቱ ፋርም አፍሪካ ድጋፍ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪውን በማኅበር አደራጅቶ፣ ከመንግሥት ጋር አዋውሎ፣ የመጠቀም መብትንና የመጠበቅ ግዴታን አንድ ላይ አስረክቧል። እኔ ግን ከውሉ ይልቅ ለቆጠራው ክብደት እሰጣለሁ። ወሰን ካልተካለለ፣ በናሙና ቦታዎች የዛፉ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ካልተለካ፣ ችግኙም ለብቻው ካልተመዘገበ፣ «ዘንድሮ ስንት እንቁረጥ?» የሚለው ክርክር የሚፈታው በጉልበተኛ ነው።

«ሽማግሌው ደኑን ያውቀው የለ? የመለኪያ መሣሪያው ለምን?» የሚሉ አሉ። በእርግጥ ያውቃል፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚነጥፍ ከእሱ በላይ የሚነግረን የለም። ነገር ግን ቃሉ ቢሮ ሲደርስ ወሬ ይባላል፤ በጂፒኤስ የተያዘ ወሰን ግን ማስረጃ ነው። የመረጃው ውድነትም ሰበብ አይሆንም፦ የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ የሴንቲኔል 2 ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር ድረስ ይለያል። ሳተላይት የሚያመልጠውም ብዙ ነው፤ ከላይ አረንጓዴ የሆነው ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል፣ ከጥዱ ሥር ከብት የጋጠው ችግኝም አይታይም። ይህን የሚያየው በእግሩ የሚዞር ቆጣሪ ነው፤ የቀበሌው ልጅ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። የሚያናድደው ግን የደኑ ጥናት መመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ነው። ጭሊሞን የሚያጠና ማንኛውም ተመራማሪ ካርታውን በማኅበሩ ስብሰባ ዘርግቶ በአፋን ኦሮሞ እንዲያስረዳ ሊገደድ ይገባል፤ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ጊንጪ ሩቅ አይደለም።