የጉና አበባ ወደ ደብረ ታቦር ጓሮ ይውረድ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ክምር ድንጋይና ጋሳይ አካባቢ ሲደርስ ጉናን በቀኙ ይዞ ይጓዛል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት ይጋሩታል፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ፈልቀው ጣና ይገባሉ። ወደ ላይ ሲወጡ ገብሱና ድንቹ ሲያልቅ አስታው ይቀበላል፤ ቀጥሎ ጓሳውና ጅብራው ይመጣል። በእነዚህ መካከል፣ ሥሩን ከድንጋይ ሥር የሰደደ፣ ቅጠሉን ነጭ ጠጉር ያለበሰው፣ ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ የተሸከመ ቁጥቋጦ አለ። የዕፅዋት ሊቃውንት ሄሊክሪሰም ከሚሉት ወገን ነው። አበባው ተቆርጦ ቤት ሲገባ አይጠወልግም። ወራት ይቆያል፤ በደንብ ከተያዘም ዓመት ይሻገራል።

ይህን የመሰለ ተክል በቅርብ ያላት ከተማ በጓሮዋ አታበቅለውም። በየሳሎኑ ቡፌ ላይ፣ በየሠርጉ አዳራሽ፣ በየመቃብሩ ሐውልት የሚታየው ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ አበባ ነው። ፀሐይ ያነጣዋል፣ አቧራ ይጠግባል፣ ተጥሎም አይበሰብስም። ሰው ፕላስቲኩን የሚገዛው የማይጠወልግ አበባ ፈልጎ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ፍላጎቱም ትክክል ነው። ያ አበባ ግን ከተማዋ አጠገብ፣ በገዛ ተራራዋ ላይ ይበቅላል። ስለዚህ የጉና አበባ ወደ ደብረ ታቦር ጓሮ መውረድ አለበት፤ የሚወርደው ግን ከተራራው ተነቅሎ ሳይሆን በችግኝ ጣቢያ ፈልቶ መሆን ይኖርበታል።

አበባው የማይጠወልግበት ምክንያት ቀላል ነው። ተመልካች የአበባ ቅጠል የሚለው ክፍል በእውነቱ አበባውን ከውጭ ያቀፈ፣ ገና ግንዱ ላይ ሳለ እንደ ወረቀት የደረቀ ሽፋን ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሃሉ ላይ የተጨናነቁት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ውኃ ያልቋጠረ አካል ውኃ በማጣት አይሟሽሽም፤ ቀለሙም ከመቆረጡ በፊት እንደነበረ ይቆያል። በዚህ ላይ ሽፋኑ እርጥበት ሲነካው ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ተራራ ላይ ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የመሃሉን አበባና ዘር ከብርድ የሚጠብቅ ጋቢ ነው።

የስዊድኑ ተመራማሪ ኡሎቭ ሄድበርግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት ጥናቱ የእነዚህን ቦታዎች አየር የገለጸው ቀን ቀን በጋ፣ ሌሊት ሌሊት ክረምት በማለት ነው። የሄሊክሪሰም ነጭ ጠጉርም ለዚሁ አየር የተሠራ ነው፤ ቀትር ላይ ኃይለኛውን ፀሐይ ይመልሳል፣ ነፋሱ ከቅጠሉ እርጥበት እንዳይመጥ ይከላከላል። የደብረ ታቦር ሰው የጥቅምትንና የኅዳርን ውርጭ ያውቃል፤ በአንድ ሌሊት ስንቱን የጓሮ ተክል እንደሚያጠቁርም አይቷል። ለዚህ አየር የተፈጠረ ተክል እያለ ቆላ ለምዶ የመጣውን አበባ በየዓመቱ መልሶ መላልሶ መትከል ከንቱ ድካም ነው።

የዚህ አገር ዕፅዋት ለውጭው ዓለም አዲስ አይደሉም። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን እዚሁ አሳለፈ። መጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ ግዛት በትግራይ ኖረ፤ ውቤ በ1855 በቴዎድሮስ ከተሸነፉ በኋላ ደግሞ ኑሮው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተያያዘ። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን ባለእጆች ለቴዎድሮስ መድፍ ሲያቀልጡ በነበረበት በ1860ዎቹ፣ እሱ በበጌምድር ተራራና ሸለቆ እየተዘዋወረ ዕፅዋት ይሰበስብ፣ ያደርቅ፣ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ዓድዋ ተመልሶ በ1878 እዚያው አረፈ። እሱ የላካቸው ናሙናዎች ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ፤ ከሄሊክሪሰም ዝርያዎችም አንዱ ሺምፔሪ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ጋፋት ላይ ስለተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በየትምህርት ቤቱ ይተረካል፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ስለተሰበሰበው ተክል ግን የሚያነሳ የለም። ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ከሺምፐር በኋላ የአገሩ ልጆች ሥራውን ተረክበዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 ተጠናቋል፤ የአደይ አበባንና የሄሊክሪሰምን ሰፊ ቤተሰብ የያዘውን፣ በ2004 የታተመውን ክፍል የጻፉት ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው። እውቀቱ እንግዲህ በእጅ አለ። የቀረው ከመጽሐፉ ወደ ችግኝ ጣቢያ መውረዱ ነው።

የትኛው ዝርያ ይመረጥ? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚታየው እሾሃማው ሲትሪስፒነም የከፍተኛ ተራራ ተክል ስለሆነ እዚያው በቦታው ቢተው ይሻላል። ለጓሮ የሚሆነው ስፕሌንዲደም የሚባለው ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካው ድራከንስበርግ ይበቅላል፤ ቁመቱ ሰው ወገብ ወይም ደረት ድረስ ይደርሳል፤ በእንግሊዝ አትክልተኞች ዘንድም ከታወቀ ቆይቷል። በባሕር ጠረፍ ያለ የእንግሊዝ ጓሮ የተቀበለው ተክል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር እምቢ የምትለው ምክንያት የላትም።

ዋናው ጠላቱ ብርድ አይደለም፤ ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው። የደቡብ ጎንደር ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም አፈሩን ያጠግበዋል። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ ተዳፋት፣ የእርከን ጫፍ ወይም በድንጋይ ከፍ የተደረገ መደብ ይሁን፤ አፈሩ ጭቃ ከሆነ አሸዋና ጠጠር ይቀላቀልበት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ይመነምናል። ብዙ ባለጓሮዎች ደግ አስበው የሚያጠፉት ፍግ በማብዛት ነው፤ ዩሪያማ ጨርሶ አይነካው። አፈሩ ሲወፍርለት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይልፈሰፈሳል፣ አበባው ያንሳል።

ከዘር ማፍላት ይቻላል፤ ዘሩ ግን እንደ ብናኝ የደቀቀ ስለሆነ አፈር አይለብስም። በእርጥብ አሸዋማ አፈር ላይ ብትን አድርጎ በእጅ ጫን ማለት ይበቃል፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ፈጣኑ መንገድ ግን ቁራጭ ነው። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ሲያባራ አበባ ካልያዘ ለጋ ቅርንጫፍ የጣት ቁመት ያህል ይቆረጣል፤ የታችኛው ቅጠል ይመለመላል፤ ግማሹ በአሸዋ ውስጥ ይተከላል። ሌላው ተክል በፕላስቲክ ሲሸፈን ይወዳል፤ ይህኛው ግን ጠጉራም ስለሆነ ከታፈነ ይሻግታል። ከውርጭ ለመከላከል ጣራ ጠፈፍ ሥር ማስጠጋት ይሻላል። ሥር ከሰደደ በኋላ ግንቦት ላይ ወደ መደቡ ከተዛወረ፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ መሬቱን ይይዛል። አበባው ሲያልቅ ሲሶውን መከርከም ቁጥቋጦውን ወጣት ያደርገዋል፤ ቅጠል የሌለበትን አሮጌ ግንድ መቁረጥ ግን አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ማቆጥቆጥ ሊያቅተው ይችላል።

ለቤት የሚሆነው አበባ ሙሉ በሙሉ ሳይፈካ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ በማለዳ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠም በኋላ መከፈቱን ይቀጥላልና። ትንንሽ እቅፍ ተደርጎ ይታሰርና ነፋስ ባለው ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ቁልቁል ይሰቀላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ማድ ቤት ግን አይሰቀል፤ ጭሱ ቀለሙን ይወስደዋል።

ከዚያ በኋላ ጥቅሙ ብዙ ነው። አደይ አበባ የምትታየው ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ልጆች ለእንቁጣጣሽ ከሚይዙት እቅፍ ጥቅምት ላይ የሚተርፍ የለም። የጉናው አበባ ግን ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ይደርሳል፤ ለቀብር የአበባ ጉንጉንም ይሆናል። ለገበያም ቢሆን የደብረ ታቦርን ችግር የሚያቀልል ጠባይ አለው። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ከእርሻ እስከ ቦሌ፣ ከቦሌ እስከ ሆላንድ ያለማቋረጥ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ዋጋው ይወርዳል። ደረቅ አበባ በካርቶን ታሽጎ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢገባ፣ በመንገድ ሳምንት ቢቆይም ያው አበባ ነው። በነሐሴ 13 የቡሄ በዓል ወደ ከተማዋ የሚመጣ እንግዳ የቦታውን ስም የያዘ ነገር ይዞ ቢመለስ ምን ይከፋል?

ይሁን እንጂ ገበያ ሲመጣ አደጋም አብሮ ይመጣል። በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በክሮኤሺያ የሄሊክሪሰም ዘይት ዋጋ በተወደደ ጊዜ፣ ዱር የበቀለውን ተክል ያለ ፈቃድ ከሥሩ እየነቀሉ መሸጥ በርክቶ መንግሥት ቁጥጥር እስከማድረግ ደርሷል። ጉና እንዲህ ያለውን ጥድፊያ አይችልም። እርሻው ወደ ላይ እየገፋ፣ አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ ተራራው ከወዲሁ ተጎድቷል። ቁጥቋጦው ከተነቀለበት ቦታ የሚሸረሸረው አፈር በርብና በጉማራ በኩል ፎገራን አቋርጦ ጣና ላይ ይደፋል። ስለዚህ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ ከጉና ተነቅሎ ጓሮ ውስጥ ሊተከል አይገባም። ከተራራው የሚወሰደው ጥቂት ዘርና ጥቂት ቁራጭ ብቻ ይሁን፤ እሱም በባለሙያ እጅ፣ በአካባቢው ሕዝብ እውቅና። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን እውቀትና የጄኔቲክ ሀብት የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ ተክሉ ነገ ገንዘብ ካመጣ የጉና ግርጌ ገበሬ ድርሻ እንዲኖረው ከዛሬው በጽሑፍ ይታሰር።

በዚህ ችግር በበዛበት ጊዜ ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ተክል ከገብስና ከድንች ጋር መሬት አይሻማም። የሚፈልገው ለእህል የማይሆነውን ጠጠራማ የጓሮ ጥግና የድንጋይ ካብ ነው፤ ማዳበሪያ አይገዛለትም፤ በበጋ ብዙ ውኃ አይጠይቅም። ደቡብ ጎንደር በትንሽ ነገር ትልቅ ሥራ መጀመር እንደሚቻል ራሷ አሳይታለች። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከቀሳውስትና ከምእመናን ጋር ሆነው የአብያተ ክርስቲያናቱን ደን ከብት እንዳይገባበት በድንጋይ ካብ ሲያስከብሩ፣ ድንጋዩ የተገኘው ከዚያው ከማሳው ነበር፤ ድንጋዩ ሲነሳም ለገበሬው ማሳው ጠራለት። በእነዚያ ካቦች የውጭ ጠርዝ፣ ውኃ በማይቆምበትና ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል፣ ይህ ቁጥቋጦ በትክክል የሚስማማውን ቦታ ያገኛል።

ሥራውን የሚጀምር ተቋምም አለ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በጉናና በጣና ላይ የሚሠራ የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቁሟል። እዚያ አንድ መደብ ለእናት ተክል ቢለይ፣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘሩን ፈቃድና ምዝገባ ቢያግዝ፣ የከተማው ችግኝ ጣቢያ ደግሞ ቁራጩን ተቀብሎ ቢያፈላ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ይኸው ነው። በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ከሚተከለው ዛፍ ጎን ለቁጥቋጦም ቦታ ይሰጠው። ትምህርት ቤቶች በየግቢያቸው ጠጠራማ ጥግ አምስት ስድስት እግር ይትከሉ፤ ተማሪዎቹም አበባውን ራሳቸው አድርቀው ለመስከረም አንድ ያዘጋጁት። ለዚህ የሚሆነውን ቁራጭ ለማዘጋጀት የሚቀጥለው የመስከረም መጨረሻ አመቺ ጊዜ ነው፤ መደቡና አሸዋው ግን ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።