አጥር ያላዳናት አበባ

ብርቅዬ ዕፅዋትን ለመታደግ አስቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ቦታውን አጥሮ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ማድረግ ነው፤ ይህ አስተሳሰብ ለረጅም ዘመን ሳይመረመር በመኖሩም፣ የሚጠበቀው ተክል ለመኖር ምን እንደሚሻ ሳይጠና ችካሉ ይተከላል፣ ሽቦውም ይወጠራል። የዚህን ስሕተት ጥልቀት በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሻየር የምትበቅል አንዲት ትንሽ ቢጫ አበባ አጋልጣዋለች።

የአበባዋ ሳይንሳዊ ስም ራኑንኩለስ ኦፊዮግሎሲፎሊየስ ነው። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ትንሽ እንቁራሪት» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅጠሏ «የእባብ ምላስ» ተብሎ የሚጠራውን የፈርን ዓይነት እንደሚመስል ይገልጻል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ በስፋት የምትገኘው ይህች ተክል በብሪታንያ የሥርጭቷ ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ ስለሆነች፣ እዚያ በተፈጥሮ የቀረችው በባጅዎርዝ እና በኢንግልስቶን ኮመን ብቻ ነው።

ተክሏ ዓመታዊ ናት፤ ማለትም በቅላ፣ አብባና ዘር ጥላ በአንድ ዓመት ውስጥ ትሞታለች፤ ስለዚህ ሕልውናዋ በየዓመቱ ለዘሯ በሚገኘው ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዘሩ የሚበቅለው ሌላ ተክል ባልሸፈነው እርጥብ ጭቃ ላይ ሲሆን፣ ቡቃያዋ የብርዱን ወራት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሥር ሆና ከውርጭ ታመልጣለች፤ ሙቀቱ መጥቶ ውሃው ሲጎድል ታብባለች። ውሃ ሊጠጣ የወረደ ከብት ዳርቻውን በሰኮናው ሲያቦካና ረጅሙን ሣር ሲግጥ፣ ጠላት የተባለው ይኸው ከብት የዘሯን መደብ እያዘጋጀላት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ300 ካሬ ሜትር የማይበልጠው የባጅዎርዝ ረግረግ በቅን ልቡና ተከለለ። ከብቱ ሲቀር ሣሩ ገነነ፣ ቁጥቋጦው ጥላውን ጣለበት፣ አበባዋም ልትጠፋ ተቃረበች።

መሬቱን መከለል ረግረጉን ከመድረቅና ከመታረስ አድኖታል የሚለው መከራከሪያ ትክክል ነው፤ በኢትዮጵያም የተራቆቱ ተራሮች ከንክኪ ነፃ ሲሆኑ ዳግም መልበሳቸው የሚካድ አይደለም። ይሁንና መሬትን ከጥፋት መጠበቅና ተክሉን ከሚያኖረው ነገር መነጠል ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለተራራው የሠራው ዘዴ ለረግረጉ ገዳይ ሆኗል። በባጅዎርዝ አበባዋ የተመለሰችው ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ ጭቃው ተገላብጦ፣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ያንቀላፋው ዘር ብርሃን ካገኘ በኋላ ነው።