ተርኪው ቢቀር ክራንቤሪው አይቅር

በአሜሪካ የምስጋና ቀን፣ ማለትም ታንክስጊቪንግ፣ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25 መሆኑ ነው። የሁለቱን መጋጨት ለማየት የቀን መቁጠሪያ ማገላበጥ ይበቃል። በ2022 እ.ኤ.አ. ታንክስጊቪንግ የዋለው ጾሙ በገባበት በዚያው ዕለት ነበር። በ2023 ሁለት ቀን ቀድሞ ስለመጣ ቅበላ ሆኖ አለፈ። በ2024 እና በ2025 ግን ጾሙ ከገባ በኋላ ነው የዋለው፤ የ2026ቱም ኖቬምበር 26፣ ማለትም ኅዳር 17 ላይ ነው።

ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በሐበሻ ቤት የሚቀርበው ማዕድ ሁለት ወገን ይኖረዋል። በአንድ በኩል ለልጆቹና ለእንግዶቹ ተርኪው፣ በሌላ በኩል ለጾመኛው ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ። የአሜሪካው ወገን ለጾመኛ ፊት አይሰጥም። ድንቹ የተፈጨው በወተትና በቅቤ ነው። ማካሮኒው በአይብ ተሸፍኗል። የዱባው ፓይ እንቁላልና ወተት አለበት፤ ዳቦው እንኳ በተርኪው መረቅ ርሷል። ከዚህ ሁሉ መካከል ከነተፈጥሮው የጾም የሆነው በትንሿ ሳህን ዳር የተቀመጠው ቀዩ የክራንቤሪ ሶስ ነው። ፍሬ፣ ስኳርና ውሃ ነው፤ ሌላ የለውም።

የሚገርመው፣ ለተርኪው ሁለት ቀን ሙሉ ጉድ ጉድ በሚባልበት ቤት ይኸኛው ከቆርቆሮ ተገልብጦ መቅረቡ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ተርኪ ጠብሶ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ሶሱ ግን ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ጀማሪም አያበላሸውም፤ በቤት የተሠራውንና የተገዛውን አንድ ማንኪያ የቀመሰ ሁሉ ይለያቸዋል። ከበዓሉ ምግብ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ በገዛ እጅ ይሠራ ከተባለ መሠራት ያለበት ይህ ነው።

ቆርቆሮውን መናቅ ግን አይገባም። የራሱ ታሪክ አለው። ማርከስ ዩራን የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ጥብቅናውን ትቶ ወደ ክራንቤሪ እርሻ ገባ፤ በ1912ም ሶሱን አብስሎ በቆርቆሮ መሸጥ ጀመረ። ምክንያቱ ተራ የንግድ ስሌት ነበር። ትኩሱ ፍሬ የሚሸጠው በመጸው ማብቂያ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ በለቀማ የተጎዳውን ደግሞ ማንም አይገዛውም። የበሰለ ሶስ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። በ1930 ከሌሎች አምራቾች ጋር ተጣምሮ ያቋቋመው የገበሬዎች ኅብረት ዛሬ ኦሽን ስፕሬይ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ከቆርቆሮው ሲወጣ የቆርቆሮው ቀለበቶች በጎኑ ታትመውበት ቀጥ ብሎ የሚቆመው የረጋ ሶስ በመላ አገሪቱ የተዳረሰው በ1941 ነበር። ብዙ አሜሪካውያን ከእናታቸው እጅ ሶስ ይልቅ ያንን ቀለበት ያለበትን ይናፍቃሉ፤ የልጅነት ጣዕም ነውና ክርክር አያነሳም። የሚያረጋው የፍሬው የራሱ ፔክቲን እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ስላልሆነ ለጾመኛውም ለሙስሊሙ ቤተሰብም ችግር የለበትም። ቅሬታው ጣፋጩ ላይ ነው፤ በበቆሎ ሽሮፕ የተሠራ ስለሆነ የፍሬው ኮምጣጣነት ድምፁ ጠፍቷል።

አንድ ትኩስ ፍሬ በቢላዋ ለሁለት ቢከፈል ውስጡ አራት ባዶ ክፍሎች ይታያሉ። አየር ናቸው። ገበሬው የሚኖረው በእነዚህ ክፍሎች ነው ማለት ይቻላል፤ ማሳውን በውሃ ሲያጥለቀልቀውና ተክሉን ሲያንቀጠቅጠው ፍሬው በአየሩ ኃይል ይንሳፈፍለታል፣ እሱም ከላይ ሰብስቦ ይወስደዋል። በዊስኮንሲን፣ የአገሪቱ ምርት ከግማሽ በላይ በሚገኝበት ግዛት፣ በጥቅምት ወር ሐይቁን ቀይ ሥጋጃ የሚያስመስለው ይህ ነው። ውሃ የነካው ፍሬ ግን ለጭማቂና ለቆርቆሮ ይሄዳል። በፕላስቲክ ከረጢት ለኩሽና የሚሸጠው በደረቁ የተለቀመው ነው፤ እሱም ከጠቅላላው ምርት 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው።

ስለ ባህሉ ሲነሳ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ፍሬው የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ዋምፓኖአግን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች አውሮፓዊ ሳይመጣ በፊት ሲበሉት ኖረዋል፣ ከደረቀ ሥጋና ከሞራ ጋር ወቅጠውም ለስንቅ ያደርጉት ነበር። በ1621 ተደረገ በሚባለው የፕሊመዝ ግብዣ ላይ ግን ጣፋጭ ሶስ ቀረበ የሚለው አያስኬድም፤ ሰፋሪዎቹ ለዚያ የሚበቃ ስኳር ከየት ያመጣሉ? ሄንሪ ሆል የተባለ ሰው በኬፕ ኮድ ተክሉን ማልማት የጀመረው በ1816 ነው። ከተርኪ ጋር ይቅረብ የሚለውን ምክር ደግሞ አሚሊያ ሲመንስ በ1796 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ባህሉ እየተጨመረበት የመጣ ነው፤ የሐበሻ እጅ ቢጨመርበት የሚከፋው የለም።

አሠራሩ እነሆ። 340 ግራም የሚይዘው አንድ ከረጢት ይታጠብና የለሰለሰው፣ የተጨማደደው ይለቀማል። አንድ ስኒ ውሃና አንድ ስኒ ስኳር (ስኒ ሲባል የአሜሪካው መለኪያ ነው፤ ውሃው 240 ሚሊ ሊትር፣ ስኳሩ 200 ግራም ገደማ) በድስት ይፈላል። ድስቱ የአሉሚኒየም ባይሆን ይመረጣል፤ ፍሬው በጣም ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱን ይበላዋል። ፍሬው ሲጨመር መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ ከወዲህም ከወዲያም ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ይፈነዳል፤ ሽሮፑ በደቂቃ ውስጥ ከሐምራዊ ወደ ደም ቀይ ይዞራል፣ ወደ ላይም ይረጫልና ነጭ ልብስ የለበሰ ራቅ ይበል። 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ያኔ ገና ቀጭን ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እስኪወፍር እያለ ያንተከትከውና ሲቀዘቅዝ በማንኪያ የማይቆረጥ ድድር ያደርገዋል። ሶሱ የሚረጋው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

ቅመሙን በተመለከተ የሐበሻ ጓዳ ከማንም አያንስም። አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ትንሽ የዝንጅብል ዱቄትና የብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ በቂ ነው። ጥቂት ኮረሪማም ያምርበታል። ሚጥሚጣ የሚነሰንሱም አሉ፤ በቁንጥጫ ከሆነ ያስኬዳል። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ግን፣ ሶሱ በጠርሙስ ታሽጎ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ድስቱ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ማስቀመጥ የሚለው ነገር ሐበሻውን ከሌላው ይልቅ ይመለከተዋል። አሜሪካዊው ሶሱን ሐሙስ በልቶ የተረፈውን በሳምንቱ በሳንድዊች ይጨርሰዋል። ለእኛ ግን ከታንክስጊቪንግ እስከ ታኅሣሥ 29፣ እስከ ገና፣ ስድስት ሳምንት አለ። ፍሪጅ ውስጥ በተከደነ ዕቃ የተቀመጠ ሶስ 10 ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው ዕድሜው። ጾሙን አያዘልቅም፤ ወይ ፍሪዘር ወይ በጠርሙስ ማሸግ ያስፈልጋል።

ክራንቤሪ አሜሪካን አንድ ጊዜ ክፉኛ አስደንግጦ ያውቃል። ኖቬምበር 9 ቀን 1959፣ ለበዓሉ 17 ቀን ሲቀረው፣ የጤና ሚኒስትሩ አርተር ፍሌሚንግ ከዋሽንግተንና ከኦሪገን ግዛቶች በመጣ ፍሬ ላይ አሚኖትራያዞል የተባለ የአረም መድኃኒት ቅሪት መገኘቱን ተናገሩ። ገበያው ባንዴ ወደቀ። በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ማዕድ እንኳ በክራንቤሪው ፋንታ የፖም ሶስ ቀረበ። ያኔ ጥፋቱ የእርሻው ነበር፤ ዛሬ ግን በቤቱ የሚሠራውን ሰው የሚያሰጋው የራሱ ጠርሙስ ነው።

ደግነቱ ፍሬው ራሱ ይረዳል። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ፒኤች ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አይራባም፤ ክራንቤሪ ደግሞ 2.5 ገደማ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ የተከለከሉትም ለዚህ ነው፤ ኮምጣጣነቱን ያበርዱታል። ቅቤም እንዲሁ ከማሸግ በፊት አይገባም። የሚቀረው ሻጋታና እርሾ ነው፤ እነሱን የሚገድላቸው የፈላ ውሃ ነው። በሙቅ የተያዘ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ትኩሱ ሶስ ይገባል፣ ከአፉ ሩብ ኢንች ባዶ ይተዋል፣ ከንፈሩ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ በሚሸፍነው የፈላ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆያል። ይህ ለግማሽ ፓይንትና ለፓይንት ጠርሙስ ነው፤ ያውም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለ ሰው። ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖች 10 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሙቀቱ ያንሳል።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድ መቅረት አለበት። ማርማላታ በትኩሱ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ ጠርሙሱን በአፍጢሙ ደፍቶ ማቆም ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ነው። ክዳኑ ይያዛል፤ እውነት ነው። አያያዙ ግን ደካማ ነው፤ የአሜሪካ የምግብ ጥበቃ ባለሙያዎችም አይመክሩትም። የማዮኔዝና የቡና ባዶ ጠርሙስም ለፍሪጅ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ለዚህ የተሠራው፣ ጆን ሜሰን በ1858 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ባለ ጥርስ ጠርሙስ፣ በየሱፐርማርኬቱ አለ። ቀለበቱ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ጠፍጣፋው ክዳን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በማግሥቱ የክዳኑ መሃል በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ብቅ ካለ አልታሸገም ማለት ነው፤ ያ ጠርሙስ ወደ ፍሪጅ ገብቶ ቶሎ ይበላ። በደንብ የታሸገው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ዓመት ይቆያል።

በጾሙ ሳምንታት ከቅዳሴ መልስ ቅቤ ለሌለው ዳቦ ከዚህ የተሻለ ማባያ የለም። ለገና ደግሞ ከበግ ጥብስና ከድፎ ዳቦ ጋር ይስማማል። ከዶሮ ወጥ ጋር ይቅረብ የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ይህ ጸሐፊ አይስማማም፣ ቁሌቱን ያጣላዋል።

ጠርሙስ ማሸጉ የከበደው ሰው በቀላሉ የሚወጣበት መንገድ አለው። ትኩሱ ፍሬ ከገና በኋላ ከመደርደሪያው ስለሚጠፋ በኖቬምበር ሁለት ሦስት ከረጢት አስተርፎ ይግዛ። ሳይታጠብ፣ ከነከረጢቱ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ፤ እርጥበት ካለው ተያይዞ ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ የተቀመጠ ፍሬ ፋሲካን ይሻገራል። በተፈለገ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ፣ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደሚፈላው ሽሮፕ ይጨመራል፤ ከትኩሱ የሚለየው ሁለት ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ መፈንዳቱ ብቻ ነው።