ስክሪኑ ድርግም ሲል፦ ወደ ፈንዲ ከመሮጣችን በፊት

 

ሰሞኑን ከካምፕ የሚደወልልን ስልክ አብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ሆኗል። «መምህር፣ ኮምፒውተሩ ደህና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ድርግም ይላል። አንዳንዴ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ምን ይሻላል?» ይሉናል። እኛም ካሳራኒ ውስጥ ልጆች የምናስተምረው በመዋጮ በተገዙ ስድስት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ናይሮቢ ላይ «ኤክስ ዩኬ» እየተባሉ የሚሸጡት እነዚህ ማሽኖች ዋጋቸው ደህና ነው፤ ግን ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ስክሪን መጥፋት የተለመደ ሕመማቸው ነው።

ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው። ስክሪን ጠቆረ ማለት ስክሪን ተበላሸ ማለት አይደለም። ጥፋቱ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከኤሌክትሪኩ፣ ከስክሪኑና ከገመዱ፣ ወይም ብዙዎቻችን ሲፒዩ ከምንለው ሳጥን። የትኛው እንደታመመ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ራሱን ለሚያመው ሰው እግሩን እንደማሰር ነው።

በመጀመሪያ ሥራችሁን አድኑ። ልጁ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ እየጻፈ ስክሪኑ ቢጠፋ አትደንግጡ። የማራገቢያው ድምፅ ከተሰማ ማሽኑ አልሞተም። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ንኩ፤ የኪቦርዱ ትንሿ መብራት በራ ጠፋ ካለች ኮምፒውተሩ ይሰማችኋል ማለት ነው። ፋይሉ አስቀድሞ ስም የተሰጠው ከሆነ ኮንትሮልን ይዛችሁ የኤስን ፊደል ንኩ፤ በጨለማም ቢሆን ይቀመጣል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና ሺፍትን አንድ ላይ ይዛችሁ የቢን ፊደል ንኩ። ይህ ምስል የሚያወጣውን ፕሮግራም እንደገና ያስነሳዋል፤ አንዳንዴ ስክሪኑ በዚያው ይመለሳል። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማጥፋት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

ቀጥሎ ምርመራው ነው። ስክሪኑ በጠፋበት ሰዓት ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት እዩ፤ ሳጥኑንም አዳምጡ።

1. ሳጥኑም ጸጥ ካለ፣ የጠፋው ስክሪኑ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ምክንያቱ ወይ ኤሌክትሪክ ነው፣ ወይ ሙቀት፣ ወይ የሳጥኑ ፓወር ሰፕላይ።

2. ሳጥኑ እየሠራ የስክሪኑ መብራት ጭራሽ ከጠፋች፣ ለስክሪኑ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ሶኬቱን፣ መሰኪያውንና ገመዱን እዩ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከጠፋች ጥፋቱ ስክሪኑ ውስጥ ነው።

3. መብራቷ ብርቱካናማ ከሆነች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች፣ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ደህና ነው፤ ከሳጥኑ ምስል አልመጣለትም። ሰማያዊውን የቪጂኤ ገመድ ንቀሉና 15ቱን መርፌዎች እዩ፤ አንዷ ብትጎብጥ በቂ ነው። መልሳችሁ ስትሰኩ ሁለቱን ብሎኖች በጣታችሁ አጥብቁ። ማንም ሳይነካው በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ጠፍቶ ማውዝ ሲነካ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሕመም ሳይሆን እንቅልፍ ነው፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ገብታችሁ ደቂቃውን ማርዘም ትችላላችሁ።

4. መብራቷ እንደወትሮው በርታ ፊቱ ብቻ ከጠቆረ፣ በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ መብራት ስክሪኑን በጎን አብሩበት። ጽሑፉ ደብዘዝ ብሎ ከታያችሁ የሞተው የኋላ ብርሃኑ ነው። ያኔ በእርግጥ የታመመው ስክሪኑ ነው።

ይህም ካልለየላችሁ ከጎረቤት ስክሪን ለአንድ ቀን ተዋሱ። በተዋሳችሁት ስክሪን ላይም ድርግም ካለ ሕመሙ ሳጥኑ፣ ገመዱ ወይም ኤሌክትሪኩ ጋ ነው። ካላለ የእናንተው ስክሪን ነው። ግን አደራ፣ በአንድ ጊዜ የምትቀይሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ገመዱንም ስክሪኑንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳነው አታውቁም። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ሒሳቡን የሳተው መደመሩ ላይ ይሁን ማባዛቱ ላይ ሳናውቅ እንደገና ብናስተምረው ድካም ብቻ ነው።

ከስድስቱ ማሽኖቻችን አንዱ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋብን ነበር። አንድ ፈንዲ አየት አደረገና «ስክሪኑ አልቆለታል፣ 5,000 ሽልንግ አምጡና ሌላ ልግዛላችሁ» አለ። ወላጆች መዋጮ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ማሽኑ የሚጠፋበትን ሰዓትና ያኔ የሆነውን ነገር በደብተር መጻፍ ያዝን። በሳምንቱ ደብተሩ ተናገረ፤ የሚጠፋው ልጆች ከጠረጴዛው ጥግ ሲነሱና ሲቀመጡ ነው። የስክሪኑ ገመድ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ ሁለት ክብ እግር ነበር። የኬንያ ሶኬት ደግሞ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ስለሆነ መሃል ላይ የገባችው ማስማሚያ ላልታ ነበር። የኬንያ መሰኪያ ያለው ገመድ በ300 ሽልንግ ተገዛ፤ ስክሪኑ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስለ ስቲማ ካነሳን፣ ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023) ማታ አብዛኛው ኬንያ በአንዴ ጨልሞ እስከ ማግስቱ የቆየበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ስቲማ ሲጠፋ መሰኪያውን ንቀሉ፤ ሲመለስም ወዲያው አታብሩ፣ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በጀነሬተር የምትጠቀሙ ደግሞ ማሽኑ የሚጠፋው ማታ ሁሉም ሰው ሲያበራ ወይም የሱቁ ፍሪጅ ሲነሳ ከሆነ፣ ቮልቱ እየወረደ ነውና ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋችኋል። አንዳንድ አሮጌ ሳጥኖች ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አላቸው። የኬንያ ኤሌክትሪክ 240 ቮልት ስለሆነ ማዞሪያው 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል።

የካኩማን አቧራና ሙቀት ለእናንተ አንነግራችሁም። አቧራ ማራገቢያውን ሲያፍነው ሳጥኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚነሳ ከሆነ ይህ ነው። ከሶኬት ንቀሉት፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንሱ። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩን ራሱንም ሆነ ስክሪኑን ፈታችሁ ውስጡን እንዳትነኩ፤ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጆችን አርቁ።

በመጨረሻ፣ ከገንዘቡ የሚበልጠው ነገር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የልጆች ትምህርት ብቻ አይደለም። የብዙዎቻችን የስደተኛነት ወረቀት ቅጂ፣ የኬዛችን ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፕሪል ወር ስደተኞች እየታፈሱ እዚሁ ካሳራኒ ስታዲየም ወረቀታቸው ሲጣራ የነበረበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ አንድ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያወጣ ያውቃል። ስለዚህ የታመመው ስክሪኑ ከሆነ ስክሪኑን ብቻ ተሸክማችሁ ሂዱ፤ ሳጥኑ ቤት ይቅር። ሳጥኑ መሄድ ካለበት ግን አስቀድማችሁ ሰነዱን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ የሚቻል ከሆነ ጥገናውን አጠገቡ ሆናችሁ ተከታተሉ። «ፎርማት ላድርገው» ካላችሁም «ቆይ፣ መጀመሪያ በሌላ ስክሪን አሳየን» በሉት። ላልታ ለተሰካች ገመድ ብሎ የቤተሰብ ታሪክ አይደመሰስም።

እንግዲህ ደብተሩን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጡ፤ የጠፋበትን ሰዓት፣ የመብራቷን ቀለም፣ ያኔ የሆነውን ጻፉ። ስትደውሉልን ያንን አንብቡልን፤ ያኔ ከሩቅም ቢሆን አብረን እንፈልገዋለን። እስከሚቀጥለው ዓምዳችን ቸር ሰንብቱ።