የድንቅነሽ ሙግት

አንባቢ ሆይ፤ በአባቶቻችን ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ፣ አላፊ አግዳሚውን «በሕግ አምላክ» ብለው አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። መንገደኛውም ቢቸኵል እንኳ ቆሞ የሁለቱን ቃል ይሰማል። ዛሬ እኔም እርስዎን የማቆምዎት እንዲሁ ለፍርድ ነው። ሟቿ ድንቅነሽ ናት።

ፈረንጆች ሉሲ የሚሏት ድንቅነሽ፣ በእነርሱ አቈጣጠር በ1974 በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ለትዕይንት አሜሪካ አገር በነበረችበት ጊዜ፣ በ2008፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አጥንቶቿን አሥር ቀን ያህል በራጅ አንሥተው ከ35,000 የሚበልጥ ሥዕል አገኙ። ከእነርሱም አንዱ ፕሮፌሰር ጆን ካፕልማን የቀኝ ክንዷን ስብራት ሲመለከቱ፣ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሚደርስበት ዓይነት ሆኖ ታያቸው። በ2016ም «ኔቸር» በተባለው መጽሔት፣ ድንቅነሽ የሞተችው ከረዥም ዛፍ ወድቃ ነው ብለው ጻፉ።

አጥንቷን ያገኙት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለ ስብራት በዝሆንና በጉማሬ አጥንት ላይም ይገኛል፤ ዝሆን ደግሞ ዛፍ አይወጣም አሉ።

የሊቃውንት ጭቅጭቅ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ደስ ያሰኘኝ፣ ካፕልማን ማስረጃውን በመሳቢያ ቈልፈው «እመኑኝ» አለማለታቸው ነው። በኢትዮጵያ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ ቅርጽ በኢንተርኔት በነጻ ተለቀቀ። ቅርጽ የሚያትም መኪና ያገኘ አስተማሪ ወይም ተማሪ፣ የፕላስቲክ አጥንት አውጥቶ ስብራቱን በጣቱ እየዳሰሰ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሊሟገት ይችላል። ስንት ክንድ የጠገነ አንድ የአገራችን ወጌሻ ይህን አጥንት ይዞ ምን እንደሚል ብሰማ እንዴት በወደድሁ!

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ካፕልማን የቈጠሯቸው ምስክሮች ትከሻና ጉልበት ብቻ አይደሉም፤ ቍርጭምጭሚት፣ ዳሌና የጎድን አጥንትም አሉበት። በዚያን ጊዜ የተለቀቁት ግን ትከሻውና ጉልበቱ ናቸው። የአገር ቅርስ ነውና ጥንቃቄው ይገባኛል፤ ዳሩ ግን ሥዕል ቢባዛ አጥንቱ አያልቅ!

እንግዲህ የሁለቱን ቃል ሰምተዋል። እኔ፣ ወጌሻው እስኪመጣ ድረስ፣ ወደ ዝሆኑ አዘነብላለሁ።